በቅርምቱ እኔም ተራ አለኝ

ለታዴ፣

ውዴ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸን ዓመት አልፎሃል። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል፣ ቄሱም ስምህን አሳምረው ጠርተውልሃል፣ እንግዲህ ያለ ይሉኝታ ልቆጣህ እችላለሁ። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ሳለቅስልህ ነበር የኖርኩት። ከቅዳሜ ወዲህ ግን ስምህ በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ሰው ደግሞ ባሏን ናፍቃ ነው እያለ ያጽናናኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። በረንዳው ታድሷል። አከራዮቹ አንተ ስንት ዓመት ስትጨቀጭቃቸው ጆሯቸውን ደፍነው ኖረው፣ ገና ከመሞትህ መጥተው መስታወት ገጠሙለት። የትቬትስቱጋው፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው፣ ቀጠሮም በስልክ ሆኗል፤ ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ቁልፍ እየሰካህ ተራዬን ወሰዱብኝ እያልክ ከጎረቤት ጋር የምትጣላበት ሰሌዳ ተነቅሎ ተጣለ። ልጅህ ሣራ ሱንድቢበሪ ቤት አግኝታ ገብታለች። ስትመጣ እኔ በአማርኛ እጮህባታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፣ እንዲሁ እንግባባለን። ወንበርህ መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። ማንም አልተቀመጠበትም፤ የታጠበ ልብስ እያጠፍኩ እከምርበታለሁ።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። በየኅዳሩ ቤቴን የምትወሩበት ያ ነገራችሁ፣ ቅርምት ያላችሁት፣ ትዝ ይልሃል መቼም። እስቲ ደግሞ እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ እንዳየሁት ስማው። ፀሐይዋ ገና ከምሳ በኋላ ስትጠፋ፣ ጓደኞችህ በቀዩ የባቡር መስመር መጥተው እኛ ሰፈር ሃሉንዳ ይወርዳሉ። ጌታሁን ጃኬቱን ሳይሰቅል ክርክር ይጀምራል። ብርሃኔ ሜርስታ ዕቃ ሲጭን ውሎ ደክሞት ይመጣና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ፊልሞቹን በዓይነት በዓይነት ትከፍሏቸዋላችሁ፤ የፍቅር፣ የጦርነት፣ የሚያስቅ፣ የሚያስለቅስ። ከዚያ በየተራችሁ አንድ አንድ እየመረጣችሁ ትወስዳላችሁ። አንዱ የወሰደውን ሌላው ለዚያ ዓመት አይነካውም። ትልልቅ ሰዎች፣ የልጅ አባቶች፣ ሰው የሠራውን ፊልም የአባታችሁ መሬት ይመስል ትቀራመታላችሁ! የወሰደ ሰው ደግሞ ቆሞ የፊልሙን መጨረሻ መተረክ አለበት፤ ከሳተ ይነጠቃል። የመጀመሪያው ተራ የባለቤቱ ነው፣ ቅርምቱ የሚደረግበት ቤት ባለቤት። ይቺን ሕግ ያወጣሃት አንተ ነህ። ለምን እንዳወጣሃትም አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ የሚደረገው እኛ ቤት ነበራ!

እኔ ተራ አልነበረኝም። የእኔ ሥራ ሳምቡሳ መጥበስ ነበር። አንድ ጊዜ ሣራ እናቴ ለምን አትመርጥም ብላ ስትጠይቅህ፣ እናትሽማ ፊልሙ ሲጀመር ነው የምትተኛው ብለህ ሰው አሳቅህብኝ። ታዴ፣ እኔ የምተኛው ከሥራ ስመጣ ነው። አረጋውያን ቤት ሰው ሳነሳና ሳስተኛ ውዬ፣ ሶፋ ላይ ዓይኔ ቢከደን ይፈረድብኛል? አንተስ ቁጭ ብለህ አልነበር እንዴ ስታንኮራፋ የምትገኘው? ይህን ለጓደኞችህ ተናግሬብህ አላውቅም።

በመጀመሪያ ተራህ ሁልጊዜ የምትወስደው ያንኑ የሕንድ ፊልም ነበር፣ የባቡር ጣቢያውን። ጌታሁን ዓመት በዓመት ይመኘው ነበር፣ አንተ ግን አንድም ጊዜ አልለቀቅክለትም። መጨረሻውን ለመተረክ ስትነሳ ደግሞ የወጥ ቤቱን በር ትዘጋብኛለህ። የዘይቱ ሽታ እንዳይገባ ነው ትላለህ። እኔ ጋ የሚደርሰው ጭብጨባው ብቻ ነው። መጨረሻውን ከየት አምጥቶ ይሆን የሚተርከው እያልኩ ይገርመኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ብቻውን ሄዶ አይቶት ይሆናል ብዬ ተውኩት። አብረን ያየን ዕለትማ ሳንጨርሰው ነው የወጣነው።

ሰዓት እላፊ የነበረበት ዘመን ነው። ፒያሳ ሲኒማ ቤት፣ ለአባቴ ጓደኛዬ ጋ ላጠና ነው ብዬ የመጣሁ ዕለት። የሕንድ ፊልም ርዝመቱን ታውቀዋለህ፤ ዘፈኑ አልቆ ሌላ ዘፈን ይመጣል። ልጅቷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ጣቢያው ስትደርስ ሰዓትህን አየሁና ክንድህን ጎተትኩህ። ውጭ ዝናብ ነው፣ ታክሲ የሚባል የለም። ወደ እኛ ቤት፣ ወደ ጉለሌ ስንሮጥ የአንድ እግሬ ሰንደል ጫማ ማሰሪያው ተበጠሰ። አንተ አንስተህ ያዝክልኝ፣ እኔ ባንድ ባዶ እግሬ ጭቃውን እያንቦጫረቅሁ ስስቅ፣ አባቴ የግቢውን በር ሳይቆልፉት ደረስን። ጫማዬን ሳትሰጠኝ ሄድክ። ወደ ቤትህ ወደ ቄራ ስትመለስ አብዮት ጠባቂዎች አግኝተውህ ቀበሌ አደርክ። የማን ጫማ ነው፣ ከማን ጋር አመሸህ ብለው ቢያፋጥጡህ፣ አባቴ እንዳይሰሙብኝ ብለህ ስሜን አልሰጠሃቸውም። ጫማዬም እዚያው ቀረች። እኔ ያገባሁህ ለዚህ ነው። መልክህስ ያን ያህል አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት ጌታሁን ቅርምቱን ለአንተ መታሰቢያ እኛው ቤት እናድርገው ብሎ ሁሉንም ይዟቸው መጣ፤ ሣራም ነበረች። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ከጠዋት ጀምሬ ስጠቀልልና ስጠብስ ዋልኩ። ሰውዬው ገና ሳይቀምስ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ አግኝቶታል። የመጨረሻዋን ክፍል አሳየን፤ ልጅቷ ባቡሩ ላይ ትወጣለች፣ መስኮቱን ዘግታ ትሄዳለች፣ የሚወዳት ሰውዬ የጣቢያውን ደወል ደውሎ ይቀራል፣ አለቀ። ከዚያ ጌታሁን ተነስቶ፣ ታዴ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያጭበረብረን ነው የኖረው፣ ፊልሙ ተነጥቋል፣ የመጀመሪያውን ተራም እኔ እወስደዋለሁ አለ። ከፎቶህ ሥር ቆሞ! ሙት ዓመትህ ላይ ሬሳ ተሸካሚ ነበርኩ እያለ ሲያለቅስ የነበረው ሰውዬ። እግዜር ይይለት።

ትሪውን አናቱ ላይ ልደፋው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያቆመኝ ብርሃኔ ነው። ብርሃኔ ካንገቱ ቀና ሳይል፣ የታዴ ይሻል ነበር አለና ያንተን መጨረሻ ይተርክ ጀመር። ልጅቷ ከባቡሩ ትወርዳለች። ዝናብ ይዘንባል። ሰንደሏ ይበጠስባታል። ሰውየው ጫማዋን ይዞላት አብሯት ይሮጣል፣ በሩ ሳይዘጋ ያደርሳታል፣ ጫማዋ እጁ ላይ ቀርታ ይሄዳል።

አንተ ሰውዬ! በሩን ዘግተህ ስታስጨበጭብብኝ የኖርከው በዚህ ነው? ያንን ዝናብ፣ ያንን ጭቃ፣ እኔን ራሴን፣ ሕንድ አድርገህ ሸጥከኝ? ለጠባቂዎቹ ስሜን አለመስጠትህ ደግ፣ ተባረክ። ለነጌታሁን ምን አስፈራህ? አባቴ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ይቺ የምታዩዋት፣ ሳምቡሳ የምትጠብሰው፣ ያቺ ልጅ እሷ ናት ብትል ምን ትሆን ነበር? እኔ ያንን ቀን የረሳኸው መስሎኝ ስንት ጊዜ ውስጤ አዝኖብሃል። ከተጋባን ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ አንስተህልኝ አታውቅም፤ ለእነሱ ግን በየዓመቱ። ይኼው ነው ያናደደኝ፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

ትሪውን አስቀመጥኩና ከወንበርህ ላይ ልብሱን አንስቼ ሣራን አስታቀፍኳት። ተቀመጥኩበት። ተራው የእኔ ነው አልኩ። ጌታሁን አባል አይደለሽም ሊለኝ ሲጀምር፣ ይህ ቤት የማን ነው አልኩት። ብርሃኔ ሕግ ሕግ ነው፣ የመጀመሪያው ተራ የባለቤቷ ነው አለ። ይኼውልህ፣ ለራስህ ያወጣሃት ሕግ ለእኔ ደረሰች።

ከፍቅሩ ዓይነት የጣቢያውን ፊልም ወሰድኩ። ቆሜም መጨረሻውን ተረክሁ። ከሲኒማ ቤቱ መውጣታችንን፣ ጉለሌን፣ አባቴን፣ አንተ የዘለልከውን ቀበሌውንም ሳይቀር። የሮጠችው እኔ ነኝ አልኳቸው፣ ባንድ እግሬ። ጌታሁን በፊልሙ ውስጥ ይሄ የለም ብሎ ኮምፒውተሩን ጠቆመኝ። እኛ የወጣንበት ፊልም ያለቀው ጉለሌ በር ላይ ነው፣ ያንተን ኮምፒውተር አላውቀውም አልኩት። ሣራ ልብሱን እንዳቀፈች፣ አባቴ ታስሮ ነበር እንዴ ብላ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ። ልጅህ ይህን አታውቅም ነበር ታዴ፤ አየህ ሥራህን? ጌታሁን ቆየት ብሎ ኮምፒውተሩን ዘጋው። ከዚያ፣ ያ ክርክር የማይጠግብ ሰውዬ፣ ሰንደሏ ምን ዓይነት ቀለም ነበረች ብሎ ጠየቀኝ። ቡናማ አልኩት። ይህንንም አልነገርካቸውም ነበር።

ማንም አልተከራከረም። ፊልሙ የእኔ ሆነ፣ ወንበርህም ልብስ አይከመርበትም።

እረሳሃለሁ ብለህ አትስጋ። ኅዳር በመጣ ቁጥር በመጀመሪያ ተራዬ እሱን ፊልም እወስዳለሁ፣ ቆሜም አንተን በስምህ እኔንም በስሜ ጠርቼ እተርካለሁ፣ የወጥ ቤቱን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ። ዕድሜ ከሰጠኝ ሣራም ትማረዋለች፣ በስዊድንኛም ቢሆን ትተርከው። ቂሜን ግን ይዤልሃለሁ። አንድ ቀን የተገናኘን ዕለት ቀድመህ እንዳታቅፈኝ፤ መጀመሪያ ጫማዬን አምጣ።

ሚስትህ