እማዬ ያለችበት ዲስክ

ሰኞ

ፎርማት አደረገው። ዮናስ፣ የገዛ ወንድሜ፣ በሠላሳ ዓመቱ፣ ዲግሪ እያለው፣ ዲስኬን ፎርማት አደረገው።

ጠዋት ገበያ ወጥቼ ነበር። ፊልም ልቅዳ ብሎ ዲስኩን ከኮምፒውተሬ ነቅሎ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። የእኔ ሊኑክስ ነው፣ የሱ ዊንዶውስ። የሱ የእኔን ዲስክ ማንበብ አይችልም። ማንበብ ሲያቅተው ታዲያ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ «ቆይ» ይላል። ዮናስ «እሺ» አለ።

«ባዶ መስሎኝ እኮ ነው» ይለኛል።

ፊልሙ ገደል ይግባ። ሙዚቃውም፣ የተማሪዎቼ ፈተናም። እማዬ ግን እዚያ ላይ ነበረች። ከመሞቷ በፊት በስልኬ የቀዳኋት አሥራ አንድ የድምፅ ቅጂ፦ ስትዘምር፣ ስትጸልይ፣ ሽንኩርት እየከተፈች ስትቆጣ። ስልኩ መገናኛ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ሌላ ቦታ የለም። አባዬ ደግሞ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ፎቶ ምን ያደርግለታል? በየቀኑ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ እኔ እከፍትለታለሁ፣ እሷን ይሰማል። የቀረችው በዚያ ብቻ ነው።

ዛሬ «ስፒከሩ ተበላሽቷል» አልኩት። «ቶሎ አሠሪው» አለኝ።

ማክሰኞ

ተረጋግቼ አሰብኩ። ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ እንደ መጽሐፍ ማውጫው ብቻ ነው የሚቀደደው፣ ገጾቹ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈባቸው አሉ። የጠፋውን የሚፈልግ ፕሮግራም አለ፣ እሱም እንደ ሊኑክሱ በነጻ ነው። አስጀመርኩት።

የማይደረጉ፦ ዲስኩ ላይ አንድም ነገር መቅዳት። ዮናስን ማስጠጋት። ዮናስን ማናገር።

ሦስተኛውን አልቻልኩም። ከሲ.ኤም.ሲ፣ ከሥራው ሲመለስ ፓፓያ ይዞ መጣ፣ የምወደውን። «ፓፓያ እማዬን ይመልሳታል?» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት፣ ደስ አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄዶ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ፕሮግራሙ የደረሰበት ሁሉ ጠፍቶ ከዜሮ ጀመርኩ። አባዬ ሁለት ጊዜ ስለ ስፒከሩ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ ዋሸሁት።

ረቡዕ

ፋይሎቹ መውጣት ጀመሩ። ስማቸው የለም፣ ቁጥር ብቻ። የትኛው ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መክፈት ነው። ክረምት ሆኖ ትምህርት ቤት መዘጋቱ በጀኝ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጥኩ።

ያገኘሁት፦ ግማሹ የተቆረጠ ፊልም። የጎረቤት ሠርግ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከነመልሱ። የማን እንደሆነ የማላውቀው ሳል።

ከዚያ አሥር ሰዓት ግድም አንዱን ስከፍት፣ «ኧረ ማርታዬ፣ ያንን ስልክ ከፊቴ ዞር አድርጊልኝ!»

እማዬ።

እሪ ልል ነበር፣ አፌን በነጠላዬ አፈንኩ። እስከ አሥራ አንድ ተኩል ዘጠኙን አገኘሁ። ሁለቱ የሉም። ዘጠኝ ይበቃል፣ ተመስገን።

ዮናስ ሲ.ኤም.ሲ መንገድ ላይ ለባቡር ሐዲድ የሚቆፈረውን ጭቃ እስከ ጉልበቱ ለብሶ ገባ። ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ «ተገኘ?» አለኝ።

«አልተገኘም» አልኩት።

ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ። ሳምንቱን ይቃጠል አልኩ። ቢያንስ እስከ እሑድ።

ሐሙስ

አባዬ ቁርስ ላይ «ስፒከር ሠሪው ሞተ እንዴ?» አለ። ዝናቡ ሥራ ያስቀረው ዮናስ አቀረቀረ። ምሳ ሳቀርብ ጠጋ ብዬ በዮናስ ጆሮ «የሠራኸውን ራስህ ንገረው» አልኩት። ይንተባተባል፣ አባዬ ይቆጣዋል፣ እኔ አስታርቃቸዋለሁ፣ እሑድ ሁሉንም አወጣለሁ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ነገረው። አልተንተባተበም። «አባዬ፣ የእማዬን ድምፅ እኔ አጥፍቼዋለሁ። አይመለስም» አለው።

አባዬ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ ድምፁን እንኳን ከፍ ሳያደርግ፣ «እናትህን ሁለቴ ቀበርካት» አለው።

ዮናስ ተነስቶ ወጣ። ጃኬቱንም አልያዘም፣ ውጪ ዶፍ ነው።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ግን «መቼ አገኘሽው?» ብባል ምን ልል ነው? ሰሃን አነሳሁ። ሰሃን አጠብኩ።

ዓርብ

ዮናስ ቤት አላደረም። ስልኩ ዝግ ነው። ጠዋት አክስታችን አስካለ ደወለች፦ «ልጁ እኔ ጋ ነው፣ በስብሶ መጣ፣ ምን አድርጋችሁት ነው?»

አስካለ እንጦጦ ጥግ ናት። እስከ ፈረንሳይ ሰፈር በታክሲ፣ ከዚያ በእግር። የማገዶ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች እየወረዱ መንገድ ያስለቅቁኛል፣ እኔ እያለከለክሁ እወጣለሁ። እያሰብኩ ነበር። ዲስኩ ላይ «አትንኩ» ብሎ ወረቀት መለጠፍ ምን ይከብድ ነበር? ሌላ ቦታ መቅዳትስ? ተማሪዎቼን «ሁለት ቦታ አስቀምጡ» ስል እውላለሁ። ደግሞ ዮናስ ፋሲካ ሰሞን «ያንቺ ዲስክ እኔ ላይ ለምን አይከፈትም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ለመሀይም አይከፈትም» ብዬ ሳቅኩበት። ያን ቀን ባስረዳው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ጓሮ እንጨት እየፈለጠ አገኘሁት።

«ተገኝቷል» አልኩት። ፊቱ ሲበራ አየሁና መዋሸት አቃተኝ። «ረቡዕ ነው ያገኘሁት።»

«ረቡዕ?»

«ከሰዓት።»

«ሐሙስ ምሳ ላይ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

መጥረቢያውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አጋደመው። ይመታኛል ብዬ ነበር። ምነው በመታኝ። «ሳይጨልም ውረጂ፣ መንገዱ ያንሸራትታል» ብሎኝ ወደ ቤት ገባ።

ቅዳሜ

ለአባዬ ነገርኩት። አንዱንም አልሸሸግኩም፣ ስፒከሩንም ጭምር። ከዚያ ልክፈትልህ አልኩት።

«ተዪው።»

«አባዬ፣ እሷ ናት እኮ፣ ዘጠኙም አሉ።»

«ሰማሁ። እሱ ሳይመጣ አልሰማም።» ደግሞም፣ «ያንን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ኃጢአቱም የእኔ ነው። ግን ልጄ፣ ድምፅዋን ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ ነው ያንን ያስባልሽኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አሁን በምን ልመልሰው?»

ከሰዓቱን ሁሉ ቅጂዎቹን ስገለብጥ ዋልኩ። አንድ ፍላሽ ላይ፣ ሁለት ሲዲ ላይ፣ ዘበኛውን አስከፍቼ አንድ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ። ሁሉም ላይ ስሟን ጻፍኩ፣ የትኛውም ኮምፒውተር እንዲያነበው አድርጌ። አሁን በየቦታው አለች፣ የሚሰማት የለም።

እሑድ

ዮናስ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ሰው ሁሉ «ወንድምሽስ?» ይላል። «አክስቱ ጋ ነው» እላለሁ፣ ውሸት አይደለም።

ከምሳ በኋላ አባዬ ግድግዳውን እየዳበሰ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ክፈቺ አላለኝም። ኮምፒውተሩ ሳይበራ እፊቱ ተቀምጧል። ግማሽ ሰዓት እንደዚያ ሆነ። መጨረሻ ላይ እጁን ዘረጋ፣ «ደውዪለትና ስጪኝ።»

የዮናስን ስልክ ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። አስካለ ጋ ደወልኩ። «ቆዪ» ብላ ጠራችው። ሲመጣ እርምጃው ተሰማኝ። ስልኩን ለአባዬ አቀበልኩት።

«ዮናስዬ» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ የት እንደቆምኩ ያውቃል፣ «አንቺ ውጪልኝ» አለኝ።

ወጣሁ። በሩንም ዘጋሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው አንድም ቃል አልሰማሁም። ብዙ ቆይቶ ጠራኝና ስልኩን መለሰልኝ። ጉንጩ እርጥብ ነበር። ይመጣል ወይ ብዬ መጠየቅ ፈለግኩ፣ ግን መጠየቅ የሚገባኝ አልመሰለኝም።