የእማዬ ወንበር

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

እንደ እማዬ «ክርሽ አይበጠስ» ብዬ ልመርቅሽ ዕድሜዬ ባይፈቅድም፣ አሁን ሌላ መራቂ የለንምና እኔው መርቄሻለሁ። እማዬን ከቀበርናት ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ድመቷ እንኳ የምታድረው የእማዬ የስፌት ክፍል በር ላይ ነው።

ቅዳሜ ዕለት አጎታችን፣ ሀብታም ተከራይ እንዲመጣ ብለው የክፍሉ መስኮት ላይ በእንግሊዝኛ «ቬካንት» ብለው ለጠፉ። ገነጠልኩት።

«አንተ ጉድ! ክፍሉ ባዶ አይደል እንዴ?»

«ባዶማ ነው፣ ጋሼ። መምህራችን እንዳስተማሩን ግን ሰው የሌለበት ሁሉ ‹ኤምፕቲ› ነው፤ ‹ቬካንት› የሚባለው ሌላ ሰው እንዲገባበት የተለቀቀ ቦታ ነው። የእማዬን ወንበር ማን ለቀቀው?»

«ደግሞ እንግሊዝኛ ሊያስተምረኝ!» ብለው ሌላ ለጠፉ። እሱንም ገነጠልኩት።

እማዬ ለአንቺ የጀመረችው ሰማያዊ ቀሚስ እስካሁን የስፌት መኪናዋ መርፌ ሥር ነው፤ አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶታል። ማንም እንዲያነሳው አልፈቅድም። እባክሽ ደውዪና «አይከራይም» በያቸው፤ የታላቅ ቃል ይሰማሉ። ባይሰሙሽም ግድ የለም፣ እሳቸው ይለጥፉ፣ እኔ እገነጥላለሁ።

መጥተሽ ቀሚስሽን እስክትለኪው ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ።

ታናሽ ወንድምሽ