ከጭላሎ ሥር የዋልንበት ቅዳሜ

ሐሙስ

አባባ እሺ አሉ። ቁርስ እየበሉ ነው የነገርኳቸው። «ቅዳሜ ከጭላሎ ሥር ወደተከፈተው መዝናኛ እንሂድ፤ ታምራትም ልጁን ይዞ ከሮቤ ይመጣል» አልኳቸው። ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ ቆይቷል፣ እሳቸው ግን ያማስላሉ። በመጨረሻ «መስክ ላይ እንዳይመጣ ማን ከለከለው?» አሉ። በቃ፣ ይኼው ነው። እኔ እንደ እሺ ቆጥሬዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ታምራት ጴንጤ ከሆነ በኋላ የእማዬ ተዝካር ላይ አልገኝም አለ። አባባም «እንግዲያው እኔም ቤት አትምጣ» አሉት። ከዚያ ወዲህ አንዱ የሌላውን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ልጁ ሲፈን ያኔ ገና ጡት ትጠባ ነበር። አሁን አምስት ዓመቷ ነው፣ አያቷን የምታውቃቸው እኔ ስልክ ላይ ባለ ፎቶ ነው።

አባባ ሮቤ አይሄዱም፣ ታምራት አሰላ አይመጣም። ስለዚህ የማንም ቤት ያልሆነ ቦታ ፈለግሁ።

ዓርብ

ጠዋት ደመና። ከሰዓት ፀሐይ። አሁን ደግሞ ደመና።

የምይዘው፦ ዳቦ፣ ቅቅል ድንች፣ እንቁላል፣ ሚጥሚጣ፣ ውሃ፣ የአባባ ጋቢ። ሥጋ ይቅርብኝ። «ማን ነው ያረደው» የሚል ጣጣ ተሸክሜ መስክ ድረስ አልሄድም።

የምሠራበት ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ። ለአንዲት ሴትዮ የሳል ሽሮፕ አወሳሰዱን ነግሬያት ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰማችኝ።

ታምራት ደወለ። «እታለም፣ እዚያ ስደርስ ምንድን ነው የምላቸው?»

«ምንም አትበል። ልጅህን ብቻ ይዘህ ና።»

ይቅርብኝ እንዳይል ቶሎ ዘጋሁበት።

ቅዳሜ

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ቦታው ያምራል። አንድ ገበሬ መስኩን አጥሮ፣ በሁለት ጥዶች መካከል ዥዋዥዌ አስሮ፣ ኩሬ ቆፍሮ ትንሽ ጀልባ አስገብቶበታል። ባለቀለም ጨርቅ የለበሱ ፈረሶችና አንድ የቆርቆሮ መጠለያም አሉት። ከአሰላ የመጣ ቤተሰብ ሣሩን ሞልቶታል። ታምራት ቀድሞን ደርሶ ነበር። ሲያየን ብድግ ብሎ ጎንበስ አለ። አባባ «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። ለእሱ ይሁን፣ ለልጁ ይሁን፣ እዚያ ለተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ይሁን፣ አልለየሁም።

ተቀመጥን፣ እኔ መሐል እንደ ግድግዳ። አባባ ወደ ተራራው ያያሉ፣ ታምራት ወደ ዥዋዥዌው። እንቁላል አቀረብኩ፣ ማንም አልነካም። ምን ሆኜ ነው ያመጣኋቸው?

ሲፈን ፈረስ ካልጋለብኩ አለች። ባለፈረሱ ኮርቻው ላይ አስቀምጦ እየሳበ ያዞራት ጀመር። ያኔ ነው ጭላሎ ላይ የጠቆረው ደመና ሳናስበው እላያችን ላይ የደረሰው። በረዶ! የመጠለያው ቆርቆሮ ሲጮህ ፈረሱ ደነበረ፣ ገመዱ ከሰውየው እጅ አመለጠ። ልጅቷን እንደያዘ ወደ ዳገቱ ሽቅብ።

ታምራት እየጮኸ መሮጥ ጀመረ።

«ቁም! አትሩጥ! ከኋላው ከሮጥክ ይብስበታል!»

አባባ ናቸው። ከስንት ዓመት በኋላ ለልጃቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነው። ታምራትም ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ልክ እንደ ልጅነቱ።

አባባ ጋቢያቸውን ጥለው በበረዶው መሐል ወጡ። አልሮጡም። ፈረሱ ዳገቱ ላይ እየተቁነጠነጠ ነበር። ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን እየዞሩ ቀረቡት። በወጣትነታቸው ዴራ ድረስ በፈረስ እየተመላለሱ እህል ይነግዱ ነበር፤ የዚያን ጊዜውን ድምፅ አወጡ መሰለኝ። «ሱታ፣ ሱታ» ይሉታል በኦሮምኛ፣ ቀስ በል እንደማለት። ለልጅቷ ደግሞ «ጋማውን ያዢ፣ የኔ እናት። አትልቀቂ።»

እኔ እመቤቴን እየጠራሁ ነበር። ታምራት አጠገቤ «ጌታ ኢየሱስ፣ ጌታ ኢየሱስ» ይላል። ማናችንም ለሌላው ጆሮ አልሰጠንም።

ገመዱን ያዙት። ፈረሱ ቆመ።

«ታምራት! ና፣ ልጅህን አውርድ!»

በስሙ ጠሩት። ሮጠን ደረስን። ሲፈን አላለቀሰችም። «ለምን አቆማችሁት?» ብላ አኮረፈች። አባባ ሳቁ፣ ታምራት ግን ልጁን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ አባባ ትከሻ ላይ ጣለ።

«አንተስ አይበርድህም?» አሉት።

«አይ፣ አይበርደኝም አባባ።» ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

መጠለያው ሥር ተጠጋግተን ያለውን ሁሉ በላን። አባባ ለሲፈን እንቁላል ላጡላት። ስለ ተዝካሩ ማንም አላነሳም።

እሁድ

ከትናንቱ ዳገት የተነሳ የአባባ ጉልበት አብጧል። ቤተ ክርስቲያን በምርኩዝ ሄዱ። ቅባት ቀባሁላቸው፣ «ተይኝ» አሉ።

ድንጋጤው ነው ያነጋገራቸው? ድንጋጤው ሲያልፍስ? ቀኑን ሙሉ ይኼን አሰብኩ። ምሳ ላይ አባባ በድንገት «ዓይኗ የእናታችሁ ነው» አሉ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኋቸውም።

ሰኞ

ታምራት ደወለ፣ ማበጡን ነግሬው ስለነበር ስለ አባባ ጉልበት ሊጠይቅ። «ራስህ ጠይቃቸው» ብዬ ስልኩን ለአባባ ሰጥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጎመኑ ውሃ አያስፈልገውም ነበር፣ ግን አጠጣሁት። ስመለስ አባባ ስለ ሮቤ የገብስ አዝመራ እየጠየቁ ነው።

ረቡዕ

ታምራት አሰላ መጣ! ሮቤ ላለው ሱቁ መለዋወጫ ሊገዛ ነው አለኝ፣ እኔ ግን አላመንኩም። በሩ ላይ ቆሞ አይገባም፣ አይሄድም። አባባ እያነከሱ ወጡና «ደጅ ላይ ምን ገተረህ?» አሉት። ገባ። የእማዬን ፎቶ ቀና ብሎ አየና ተቀመጠ። የጾም ሽሮአችንን አብሮን በላ።

ዕቃ ሳጥብ ድምፃቸው ከፍ አለ። ሳህኑን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ጀመሩ አልኩ፣ አለቀልን።

«አልሄድም ብያለሁ!»

«ይሄዳሉ! ይኼ በቅባት የሚድን እብጠት አይደለም!»

ስለ ጉልበቱ ነው የሚጨቃጨቁት። ስለ ጉልበቱ ብቻ። እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ታምራት አሸነፈ። ወደ ክሊኒክ ሲወጡ ከመስኮት አየኋቸው። አባባ ምርኩዙን ረስተውት የልጃቸውን ክንድ ይዘዋል፣ አሁንም እየተነታረኩ ነው።

የተዝካሩ ነገር ገና አለ። አንድ ቀን ይነሳ ይሆናል፣ ያኔ ምን እንደሚባባሉ አላውቅም። ዛሬ ግን እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኛል።