የቡዌናቬንቱራው ቀርከሃ

ሰይድዬ፣

የጋሽ ተፈራ የአስም ሕመም ትንሽ ቀለል ብሎላቸዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ትልቋ ልጃቸው ድሬዳዋ ወንድ ልጅ ወልዳላቸዋለች። ከባቡር ጣቢያው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሏቸው እኔው ሻይ ቤት ነው። ከሁሉ እሳቸውን ማስቀደሜ የምነግርህ ጉድ ከእሳቸው ስለሚጀምር ነው።

ከተለየኸኝ ሁለት ረመዳን አለፈ። የቤታችንን ቆርቆሮ አስቀይሬያለሁ። የቀበሌ ስብሰባ በዝቷል፤ የማይጠሩት ፍየሎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሳይጠሩ ሻይ ቤቴ ይገባሉ።

ጋሽ ተፈራ እንዴት ይቀልዱብህ እንደነበር መቼም አትረሳውም። ከአሰብ የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሆነህ ስለሄድክባት፣ ኮሎምቢያ ስላለችው ወደብ፣ ስለ ቡዌናቬንቱራ ስታወራ "ከተማውን የሞላው እንደኛ ጥቁር ሕዝብ ነው፤ አያቶቻቸው በባርነት ከአፍሪካ ተጭነው የሄዱ ናቸው" አልክ። እሳቸው ምን አሉ? "ሰይዶ፣ መርከቧ ዞራ እዚያው አሰብ አውርዳህ ይሆናል!" ቤቶቹ በእንጨት እግር ውኃ ላይ ቆመዋል ስትል "ጫማስ ያደርጋሉ?" አሉ። ሰው ሲሞት ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ ወንዶቹ ዶሚኖ እየተጫወቱ ዘጠኝ ሌሊት ያድራሉ ስትልማ "ውሸታሙ መርከበኛ" ብለው ስም አወጡልህ። ያንተ ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ የዋሉት ማን ይመስሉሃል? እሳቸው!

ስሙ ግን አብሮህ አልተቀበረም። ከድጃችን እንኳ ትምህርት ቤት "የውሸታሙ ልጅ" እየተባለች ስትመጣ አንጀቴ ያርር ነበር።

ከቡዌናቬንቱራ ያመጣህልኝ ቀርከሃ አለ አይደል፣ ውስጡ ፍሬ ያለበት፣ ሲነቀንቁት የዝናብ ድምፅ የሚያወጣው፣ ሴቶቹ ሲዘፍኑ የሚይዙት? እንዳትቆጣኝ፤ ፍየል ማባረሪያ አድርጌዋለሁ። ለፍየል ከእሱ የሚሻል የለም።

ታዲያ ሰሞኑን ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር የሚዘምቱ የኩባ ወታደሮች ሻይ ሊጠጡ ከመኪና ወረዱ። አንዱ ወላሂ የደሴ ልጅ ነው የሚመስለው፤ "ግባ ወንድሜ" ብለው በራሱ ቋንቋ መለሰልኝ። ቀርከሃውን ግድግዳው ላይ ሲያይ ግን ፊቱ በራ። አወረደና ነቀነቀው፤ ወገቡም ዝም አላለም። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ፤ ፍየሎቹ ብቻ ልማዳቸው ነውና እግሬ አውጪኝ አሉ። ከመዝመቱ በፊት መርከበኛ ነበር አሉ። በአስተርጓሚያቸው በኩል "ይህ የቡዌናቬንቱራ ሰዎች ነው። የእነሱም የእኛም አያቶች በባሪያ መርከብ ነው የተጫኑት። ማን አመጣው?" አለ።

"ባሌ!" ብዬ ጮህኩ፣ ጋሽ ተፈራን እያየሁ።

"እስቲ የቤቶቹን እግር ጠይቂው" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ሰለለ። ኩባው ክብሪቱን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ባለ እግር ቤት ሠርቶ አሳያቸው። ከድጃ ቆማ ታይ ነበር። ያን ቀን እንደሳቀችው ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

እኔ እስካለሁ ድረስ፣ የኔ ዓለም፣ ያየኸውን የሚያስክድ የለም። ቀርከሃውም ከግድግዳዬ አይጠፋም፤ ለፍየል ካልወረደ በቀር።

ትናንት ደግሞ የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ገቡ። ጋሽ ተፈራ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ስለ ቡዌናቬንቱራ ይነግሯቸው ጀመር፤ እዚያ ተወልደው ያደጉ ነው የሚመስሉት! ዘጠኙን ሌሊት አሥራ አምስት አደረሱት። ቤቶቹም ማዕበል ሲመጣ ጉልበታቸውን ዘርግተው ብድግ ይላሉ አሉ። አንዱ ሾፌር "አባባ፣ ውሸትዎ በዛ!" ቢላቸው ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ተቆጡና "ሐሊማ፣ ንገሪው እንጂ!" አሉኝ።

ውኃ አቀበልኳቸውና ለሾፌሩ ነገርኩት፦ "ባሌ ያለው ሁሉ እውነት ነው። የቤቶቹ ጉልበት ግን የጋሽ ተፈራ ነው።"