«ዝም» የተባለው ቅባታችን

ሰዓዳዬ፣ የአላህ ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ።

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጥቶ ብርዱ ገብቷል። አንቺ ብትኖሪ ይሄኔ ከሐይቁ የሚነሳውን ንፋስ እየተራገምሽ የልጅሽን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ትጎትቺላት ነበር። እኔም ዘንድሮ ንፋሱ ሲጀምር ሰግቼ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ደስታ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ እንደሆንሽ ወሬ ከመሃል ሲጀመር አትወጂም፤ ከመጀመሪያው ሲጀመርልሽ ደግሞ ታቋርጫለሽ። አሁን ሳታቋርጪኝ መጨረሴ ነው፤ እሱም ቢሆን ደስ አይለኝም።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። ባጃጇን አሁንም ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ዳር አመላልሳታለሁ። እህትሽ ከድጃ እኛ ጋ መዋል ከጀመረች ወዲህ ቤታችን እንደ ድሮው ጫጫታ አለው። ልጃችን ሀያት የፊት ጥርሶቿን አውልቃ አዳዲሶቹን አብቅላለች፤ ለአፏ ተለቅ ብለውባት ስትስቅ ቁርጥ አባትሽን ትመስላለች። በዚህ እንዳትቀየሚኝ። የቅቤ ማሰሮዎችሽንም አልሸጥኳቸውም፤ አሁን የሚገባባቸው ግን ቅቤ አይደለም። የደብዳቤው ነገር እሱ ነው።

አንቺ በሄድሽበት ዓመት በጋው ለልጃችን ክፉ ነበር። ችፌው ከክርኗና ከጉልበቷ እጥፋት አልፎ የእጇ ጀርባ ላይ ወጣ። ቆዳዋ ተሰነጣጠቀ፣ ስታከው ደማ። ትምህርት ቤት ልጆቹ እከክ ነው፣ ይጋባል ተባብለው በጨዋታ መሃል እጇን የሚይዛት ጠፋ። ነገሩ ሲገባት እጅጌዋን መሳብ ለመደች። ስትጽፍ ትስባለች፣ ስትበላ ትስባለች፣ እንግዳ ሲመጣ ሁለቱንም እጆቿን ከሻሿ ስር ትከታለች። አንቺ በመጨረሻው ሰሞን ከአልጋ ሆነሽ ስለ ቤቱም ስለ ንብረቱም አንድ ነገር አልተናገርሽም፤ «ሀያት እጇን ደብቃ እንዳታድግብኝ» ብቻ ነው ያልሽኝ። ይህን አደራ ተቀብዬ ቁጭ ብያለሁ፣ ልጅቷ ደግሞ ዓይኔ እያየ እጇን ትደብቃለች። በጣም ጨንቆኝ ነበር ሰዓዳ።

አንቺ የራስሽ ዘዴ ነበረሽ። ማሳከኩ ሲነሳባት ክንዷን ጭንሽ ላይ ታስተኚና እፍ እፍ እያልሽ ትቆጪ ነበር። የምትቆጪው ልጅቷን አይደለም፣ ማሳከኩን ነው። ቅንድብሽን ቋጥረሽ «ዝም በል አንተ፣ ማን ጠራህ?» ትዪዋለሽ፣ ግቢ ዘሎ የገባ የጎረቤት ውሻ እንደሚቆጡት። እሷ በሳቅ ፍርስ ትላለች፣ ማከኩንም ትረሳዋለች። አንቺ ገበያ ስትደርሺ ቅቤ ተራ ለምን ፀጥ እንደሚል የገባኝ ያኔ ነው፤ በሽታ እንኳ ቃልሽን ይሰማ ነበር። ካለፍሽ በኋላ እኔም አንድ ቀን ሞከርኩት። እፍ ብዬ «ዝም በል» ልል ስል እንባ ቀደመኝና ልጅቷ እኔን ታባብለኝ ጀመር። ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም። ያኔ ትንሽ ስለነበረች ያንን ነገር ረስታዋለች ብዬም አሰብኩ።

ደሴ ወስጄ ያሳየኋት ሐኪም ሕመሙ ችፌ መሆኑን፣ ወደ ሰው እንደማይጋባ፣ ቆዳዋ እርጥበት ስለማይዝ ገላዋን በታጠበች ቁጥር መቀባት እንዳለባት ነገረችኝ። የሚቀባ መድኃኒትም አዘዘችላት፤ ሲነሳባት ዛሬም እንጠቀምበታለን። ሽታ ያለው ነገር እንዳይነካት ግን አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። ሱቅ ሄጄ የማነሳው ቅባት ሁሉ ደግሞ ክዳኑ ሳይከፈት ይሸታል። የአንቺ ለጋ ቅቤ ያለሰልሳት እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ እሱ ግን ውሎ ሲያድር ይከረፋል፣ ለልጆቹም ሌላ ስም ማውጫ ነው የሚሆናቸው። የማይከረፋ ነገር ሳስብ ሰም ታወሰኝ።

አምባሰል ጋሽ ይመር ዘንድ ሄድኩ፤ ያ ማር ከእሱ ትገዢ የነበረው ንብ አናቢ። ማሩ ተጨምቆ የሚቀረውን ሰፈፍ ስጠኝ ስለው ሻማ ልትሠራ ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ከሰሙ ጋር የሚቀልጠውን የሱፍ ዘይት ያመጣሁት ከአርዲቦ ነው። ቅቤ ልንገዛ ስንሄድ ባጃጇ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረችበትን ቦታ ሳልፍ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ እገፋለሁ፣ አንቺ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ጭቃውን ትሰድቢዋለሽ። የወጣነው በእኔ ጉልበት ይሁን በአንቺ ስድብ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ሰፈፉን ቀቅዬ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ ንጹሁን ሰም ከዘይቱ ጋር በፈላ ውሃ ላይ አቀለጥኩት። የመጀመሪያው እንደ ድንጋይ ደረቀ። ሀያት አገላብጣ አየችውና ክር ሰክታበት መጥታ ለኩሰው አለችኝ፤ የጋሽ ይመር አፍ ደረሰ ማለት ነው። ቀጥሎ ዘይት አብዝቼ እንደ መረቅ ፈሰሰብኝ። ከዚያ ልኩን አገኘሁት ስል ከድጃ «ሽታ የሌለው ቅባት ደሞ ምኑን ቅባት ሆነ?» ብላ አሪቲ ነክራ ጨመረችበት። የሐኪሟን ቃል ነግሬያት ነበር እኮ፤ ግን አሪቲ ለከድጃ ሽቶ አይደለም፣ አሪቲ ነው። የሀያት ክንድ ላይ ጥቂት ብንሞክረው ወዲያው ቀላ። ከድጃ ከልጅቷ ብሳ አለቀሰች፣ ማሰሮው ተደፋ፣ እኔም አብሽሪ ስላት ዋልኩ።

ቀጥሎ ሰምና ዘይት ብቻ ሆነ። ለሐኪሟም ወስጄ አሳየኋት፤ መጀመሪያ ደህናው ቆዳ ላይ ትንሽ ሞክሩ፣ ካቀላ ተዉት አለችን። አላቀላም። አንድ ቀን ሀያት ታጥባ ስትወጣ ክንዷንና እጇን ቀባኋትና ደጅ ባጃጇን ልነካካ ወጣሁ። ትንሽ ቆይታ መጣችና ክንዷን ዘርግታ «አባ፣ ዝም አለ እኮ» አለችኝ። ብሎን እየፈታሁ ነበር፣ እጄ ላይ ቀረ። ይህን ቃል ከየት አመጣሽው ልላት አፌ ደርሶ ነበር። አላውቅም ብትለኝስ ምን ይውጠኝ ነበር? ስለዚህ ሳልጠይቃት ቀረሁ። የቅባቱ ስም ግን በዚያው ወጣለት፤ ዝም።

ከዚያማ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። ባጃጅ የሚሳፈሩ እናቶች የሀያትን እጅ እያዩ ምን ቀባሃት ይሉኝ ጀመር፤ ለካ የስንቱ ልጅ እጅ እጅጌ ውስጥ ኖሯል። አሁን ከድጃ ታጠልላለች፣ እኔ አቀልጣለሁ፣ ሀያት እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ በራሷ ጽሕፈት «ዝም» ብላ ትጽፋለች። ሰዎች ደጃፍ ላይ ቆመው «ዝም አለ?» ይሉናል። አንዱ ቅባቱ አለ ወይ ማለቱ ነው፣ ሌላዋ የልጅሽ እጅ ተሻላት ወይ ማለቷ ነው። ለሁለቱም አለ እላለሁ፣ ሁለቱም እውነት ነው። ስምሽን ጠርቼ ስንቴ በልቤ ሳቅኩ መሰለሽ፤ የሐይቅ ከተማ ዋና ተናጋሪ፣ ያንቺ ቤት «ዝም» ተብሎ ሲጠራ።

ቅባቱን በካርቶን ይዤ በሚኒባስ ውጫሌ ገበያ የወጣሁ ዕለት የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ስቆም የድሮ ጓደኞችሽ ከቅቤ ተራ ጠሩኝ። ያንቺን ቦታ ለቀቁልኝ። እንባዬ መጣ፤ ሆኖም ቅቤ ተራ ተቀምጦ ቅቤ ያልሆነ ነገር መሸጥ ጉድ ነው። ገበያተኛው እንደ ልማዱ በጣቱ ጫፍ ይነካና የእጁ ጀርባ ላይ አድርጎ ያሸታል። ምንም አይሸተውም። ፊቱን ያጣምምና ያልፋል። በመጨረሻ እትዬ አስረበብ የሚባሉ ሴት አሸተቱና ደስ አላቸው። «ግሸን ልሳለም መሄዴ ነው፣ አውቶብስ ላይ ሰው አልረብሽበትም» ብለው ወሰዱ። እኔ ለተረከዛቸው መስሎኝ መልካም መንገድ ብዬ መረቅኋቸው። ለካ ለፀጉራቸው ኖሯል። ቅቤ ተራ የሚሸጥ ነገር ሌላ የት ይቀባል?

በሚቀጥለው የገበያ ቀን መጡልሽ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈፉት፤ ፀጉራቸው እንዳለ ተያይዞ ቆብ ሆኗል። «ምን በደልሁህ አንተ ልጅ? ጠሐይ ቢመታው አይቀልጥ፣ በሳሙና ባሸው አይለቅ። ያነን ሁሉ ተራራ አናቴን ተሸክሜ ወጣሁልህ!» አሉኝ። ቅቤ ተራ በሳቅ አለቀ፤ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሀያት አጠገቤ ነበረች። ሰው ሲሰበሰብና ወደ እኛ ሲያይ እጆቿ ቀስ ብለው ከሻሿ ስር ገቡ። የገበያው ነገር ሳይሆን እሷ ነች አንጀቴን የቆረጠችኝ። ስንት ወር የደከምንበት በአንድ ገበያ ተመልሶ ገባ አልኩ።

ያዳነችን ከድጃ ናት። ሴትዮዋን ጥላ ስር አስቀምጣ፣ ዘይት ለብ አስደርጋ ፀጉራቸውን ታላቅቅ ጀመር። ለማጽናናት ብላ እጃቸውን ስትይዝ ቆም አለችና «እትዬ፣ መዳፍዎ እንዲህ ለስላሳ ነው እንዴ?» አለቻቸው። እሳቸውም የገዛ እጃቸውን እንደ ሰው እጅ አገላብጠው አዩት። በየዓመቱ ብርድ ሲገባ የሚሰነጣጠቀው መዳፍ፣ ቅባቱን አናታቸው ላይ ሲያሹበት ነው ለካ የዳነው። መጀመሪያ እሳቸው ሳቁ፣ ከዚያ ሁላችንም። ሲነሱ ታዲያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸው የወለደቻት አንዲት ትንሽዬ ልጅ አለች፣ ክንዷን ስታክ ነው የምታድረው፣ ላምጣት ወይ አሉኝ። የቅቤ ተራ ሴቶችም ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ የሚመጣውን ሁሉ ገና ከሩቅ «የአናት አይደለም፣ የቆዳ ነው!» ይሉልኛል። እንደነሱ ያለ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል?

ዛሬ ልጅቷን ይዘዋት መጡ። ከሀያት ታንሳለች። ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ጨምድዳ ይዛለች። አያቷ ቢለምኗት፣ እኔ ባባብላት፣ ከድጃ ከረሜላ ብታሳያት እምቢ አለች። ብልቃጡን ከፍቼ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ያኔ ሀያት ተነሳች። ሻሿን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ሁለቱንም እጅጌዎቿን እስከ ክርኗ ጠቀለለች፤ ያ ሁሉ ገበያ እያየ። ጠባሳው አለ፣ ቀላ ያለ ቦታም አለ። ክንዶቿን ለልጅቷ አሳየቻት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብላ የልጅቷን እጅ ከእጅጌው ቀስ ብላ አወጣችውና የራሷ ጭን ላይ አስተኛችው። በጣቷ ጥቂት ነክታ ቀባቻት፣ እፍ እፍ አለች፣ ቅንድቧን ቋጠረች። «ዝም በል አንተ፣ ማን ጠራህ?» አለች።

ድምፁ ያንቺ ነው ሰዓዳ። አወራረዱ፣ «ማን» ላይ ጫን ማለቱ፣ ሁሉም። ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች። ቅቤ ተራ ፀጥ አለ፤ ሚዛን የያዘችው ሚዛኗን እንደያዘች፣ ጓደኞችሽ ሁሉ ዞረው ያዩ ነበር። ልክ አንቺ የመጣሽ ይመስል። ከድጃ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ብልቃጥ የምደረድር መስዬ አጎነበስኩ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው የጠየቅኋት። ያንን ማን አስተማረሽ አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝና «እማ ናት እንጂ፣ ሌላ ማን አለ?» አለችኝ። ከዚያም በመስኮት እያየች፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ እንደተዘረጉ እንቅልፍ ወሰዳት። ሐይቅ እስክንደርስ እጆቿን ሳይ መጣሁ።

ችፌው ጨርሶ ሄዷል አልልሽም። ሐኪሟም እንደሚመጣና እንደሚሄድ ነግራናለች፤ ብርዱም ገና መጀመሩ ነው። ቢመጣም ግን ልጅሽ እጇን አትደብቅም፣ ዛሬ በዓይኔ አየሁ። አደራሽን የተወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ልኮራ ነበር፤ አንቺው ነሽ ለካ ቀድመሽ የጨረስሽው።

እስከ ዛሬ እንዳይከፋት ብዬ ስምሽን ፊቷ ብዙም አላነሳም ነበር። ከእንግዲህ ሰም በተጣደ ቁጥር ያንቺን አንድ ነገር እነግራታለሁ፤ ነገ የአርዲቦውን ጭቃ። እሷም የምታውቀውን ትነግረኛለች፣ ከእኔ ብዙ ሳታውቅ አትቀርም። ቅባቱን ዝም ብለነዋል። ስላንቺ ግን ዝም አንልም።

ያንቺው ሰይድ