ላልቶ ስለተነበበ ጥርስ

ለተከበሩ አቶ ኃይለ ሚካኤል፣
የተዘዋዋሪ የጥርስ ሕክምና ቡድን ኃላፊ፣
ሞጣ

ቢቸና፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ በተለይም ጥርስዎ የጸና ይሁን እያልሁ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ። እኔ ባለፈው የካቲት ቡድንዎ የፊት ጥርስ የተከለልኝ፣ የቢቸናው የንባብ መምህር ወልደ ሰንበት ነኝ። ስላደረጉልኝ ሁሉ እያመሰገንሁ አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ሐኪምዎ አጥንቴን በስቶ ብረት ከተከለ በኋላ ጥርሱን በላዩ በብሎን አሰረልኝ። ብረቱ እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም፤ እግዜር ይስጥልኝ። የላላው ብሎኑ ነው። በብረቱና በጥርሱ መካከል ጥፍር የማያስገባ ክፍተት አለ፤ የቀመስሁት ሁሉ እዚያ ገብቶ ይከርማል፣ ድዴ መግል ቋጥሯል፣ ባለቤቴ ይርገዱ እንኳ ፊቷን አዙራ ነው የምታነጋግረኝ። በአፌ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎተራ ስለሠሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ/ በግንቦት በጉንደ ወይን በኩል ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዤ ሞጣ ብደርስ፣ ጸሐፊዎ አፌን ሳያይ በካርዴ ላይ «ይጠብቃል» ብሎ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ሃያ ሁለት ዓመት ንባብ ያስተማርሁት ሰው «ብ»ን አላልቼ አነበብሁትና፣ ብሎኑ በራሱ ጊዜ ሊጠብቅ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ተመለስሁ። አምስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ በምላሴ እየነካሁ መጥበቁን ስመረምር ከረምሁ። ባለፈው ሳምንት ሰው ልኬ ባስጠይቅ፣ ለካ ጸሐፊው «ብ»ን አጥብቆ ኖሯል የጻፈው፤ ባለጉዳዩ ተራውን ይጠብቃል ማለቱ ነበር። ተራዬም በሰኔ አልፏል አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በጽሕፈት የማይታየውን ማጥበቅ ከማኅተሙ ላይ ማንበብ ነበረብኝ።

፫ኛ/ ጥርሱ ስለሚወዛወዝ «ሰ» ስል ያፏጫል። ልጆቹ መምህራቸውን ማመን ልማዳቸው ነውና ዳዊቱን ሁሉ እያፏጩ ይደግሙልኛል። የደብሩ ሽማግሌዎችም ይህን ሰምተው፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልታረምሁ ንባብ ቤቱን ለሌላ መምህር ሊሰጡ ቆርጠዋል። ክቡር ሆይ፣ እኔ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። መፍቻ የያዘ አንድ ሰው ለሩብ ሰዓት ብቻ ይላኩልኝ፤ ብሎኑን ያጥብቅልኝ፣ ክፍተቱን ይድፈንልኝ። እባክዎን፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ።

ለፊርማዎ ጽናት፣ ለማኅተምዎም ረጅም ዕድሜ ዘወትር የምጸልይ ታዛዥ አገልጋይዎ፣
መምህር ወልደ ሰንበት

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል የቢቸና ሕዝብ ሁሉ፣ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ጥርሱ ዛሬ በትምህርት መካከል ወለቀ። ልጆቹ አልሳቁም፤ ያስለቀሰኝ አለመሳቃቸው ነው። የመንግሥት ንብረት ነውና በወረቀት ጠቅልዬ ልኬዋለሁ፣ ቆጥረው ይረከቡኝ። ብረቱን ግን አጥንቴ አልለቅም ስላለ፣ አብሮኝ እንዲቀበር ፈቃድዎን በጽሑፍ እለምናለሁ።