በቀላሉ መንገድ ላይ ፈረስ ስላስገባሁ የተጻፈ የይቅርታ ደብዳቤ

ጥቅምት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለክቡር ኦቦ ሆርዶፋ
የሀሮ ቢፍቱ ሐይቅ የእግር ጉዞ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለአምቦ መናኸሪያ ግድግዳ፤ ለፈረስ ተራችን ዛፍ፤ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን፣ በተለይም የጉልበቶችዎን ጤና፣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ወንበርዎ ሰላም ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ፈረሴ ዳማም ሥራ ስለፈታ ወፍሯል፤ ለዚህም ምስጋናችን ይድረስዎ።

እኔ ለሊሳ ፈዬራ እባላለሁ፤ ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምሬ አንድም ጊዜ ያልጨረስኩ፣ በሐይቁ አፋፍ ላይ ፈረስ እያከራየሁ የምኖር ወጣት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ደርሶኛል። ፈረስ በተከለከለበት መንገድ ላይ ፈረስ ስላስገባሁ፣ በጽሑፍ ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ ዳማ ከተራ እንዲወጣ ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ መንገዱ ሲመረቅ ከአምቦና ከጊንጪ አርባ አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች በክብር እንግድነት ወደ ሐይቁ እንደሚወርዱ፣ በዕለቱም አንድም ፈረስ በዚያ ዝር እንዳይል ያዝዛል። እንግዲህ ይቅርታው ይኸው። ከረዘመብዎ አረፍ እያሉ ያንብቡት፤ መንገድዎ ላይ ማረፊያ ስለሌለ ደብዳቤዬ ላይ አበጅቼልዎታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰሌዳዎቹ ከልብ አመሰግናለሁ። ከአፋፉ ወደ ሐይቁ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ራስ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ቀላል፤ ለማንኛውም ዕድሜና አቅም፤ ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ» ተብሎ ተጽፏል። አፋፉን ዞሮ በሚሄደው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ደግሞ በቀይ «ከባድ፤ ልምድ ላላቸው ብቻ» ይላል። በዚህ በቀዩ በኩል አክስቴ ጉዴ ልጅ አዝላ፣ ዶሮ አንጠልጥላ ገበያ ትሄዳለች። ልምድ ያላት ሰው መሆኗ በመንግሥት ቀለም ከተጻፈላት ወዲህ ቤት ውስጥ የሚችላት ጠፍቷል።

ሰው ሁሉ ሠዓሊው ሰሌዳ አቀያይሮ ነው ይላል። እኔ ግን የሠዓሊውን ስም አላጠፋም፤ ምክንያቱም በግንቦት ወር ኮሚቴዎ መንገዶቹን ሊመዝን ሲመጣ የጫንናችሁ እኛ ነን። አሥራ አንዳችሁም በፈረስ ወረዳችሁ፣ ከታች ዓሣ በላችሁ፣ በፈረስ ወጣችሁ፤ «ቀላል» ተብሎ ተመዘገበ። ከሰዓት በኋላ ፈረሶቹ ደክመው ወደ ቤት ሲገቡ፣ ጠግባችሁ አፋፉን በእግራችሁ ዞራችሁ፤ «ከባድ» ተብሎ ተመዘገበ። እርስዎን የተሸከመው ዳማ ነበር። እሱ ቢጠየቅ ሌላ ነገር ያስመዘግብ ነበር፤ ግን የኮሚቴ አባል አይደለም።

ሁለተኛ፣ እዚህ ላይ የምጠይቀው ይቅርታ የእውነት ነው። የዚያን ዕለት ዳገቱን ስንጨርስ ጸሐፊዎ ኤጄታ ከኮርቻ ሳይወርድ «አንተ ልጅ፣ ይሄ መንገድ ለሽማግሌ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላሾፍ የማያስችለኝ ሰው ነኝና «ይሆናል እንጂ፣ አያቴ ከቁርስ በፊት ሁለቴ ትመላለስበታለች» አልኩት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ጻፈው። አያቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።

ሦስተኛ፣ መስከረም 30 ቀን እሑድ መምህርት ሙሉወርቅ ከአምቦ ብቻቸውን መጡ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህ ደብዳቤ ከተነበበልዎ የእሳቸው ትዕግሥት፣ ካልተነበበልዎ የእኔ ስንፍና ነው። ሐይቁን ዕድሜ ልካቸውን ከአፋፍ ብቻ ነበር ያዩት። ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ የተጻፈ ነገር ስለሚያምኑ፣ ወረዱ።

እኔ እንግዳ አድርሼ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ምን እንደሚሆን በእግርዎ ስላልረገጡት ልንገርዎ፤ ሳሙና ነው። ወዲያው ከታች ልብስ የምታጥብ ሴት «ድረሱ፣ ሰው ወድቋል» እያለች በኦሮምኛ ስትጣራ ሰማን። ከአፋፉ ሳይ መምህርቷ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ በአንድ እጃቸው የጥድ ሥር ጨብጠው ተቀምጠዋል፤ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል። ከእግራቸው ሥር ያለው ገደሉ ነው። ከዘራቸው ቀድሟቸው ሐይቅ ገብቷል።

ዳማን ስስብ ዘበኛዎ ዓብዲሳ ሰሌዳው ሥር ቆሞ መንገድ ዘጋብኝ። «ፈረስ አይገባም ተብያለሁ፣ ለሊሳ። ቀላል ነው ተብሎ ተጽፏል። ቀላል መንገድ ላይ ፈረስ ምን ይሠራል?» አለኝ። «ውረድና ለእሳቸው ንገራቸዋ» አልኩት። ቁልቁል አየ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ዞር አለልኝ።

ስወርድ መምህርቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እጃቸው እንዳይለቅ ፈራሁና «ቲቸር፣ ስድስት ጊዜ ሰባት ሠላሳ ስምንት ነው አይደል?» ብዬ ጮህኩ። «አርባ ሁለት! ይቺን እስካሁን አልያዝካትም?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከፍተው። ሰባት ጊዜ ስምንትን፣ ስምንት ጊዜ ዘጠኝን እያበላሸሁ፣ እሳቸው እያረሙኝ ደረስኩ። እውነቱን ለመናገር ሁሉንም እያወቅኩ አልነበረም የተሳሳትኩት። ስንወጣ ዳማ ሁለት ጊዜ በጉልበቱ ወደቀ። ሁለተኛው ላይ አራታችንም፣ እኔ፣ እሳቸው፣ ፈረሱና መንግሥት ያመነው ሰሌዳ፣ ያበቃልን መስሎኝ ነበር። አፋፍ ስንደርስ ዓብዲሳ ኮቱን አውልቆ አለበሳቸው፤ ቀጥሎ ደብተሩን አውጥቶ የእኔን ስም መዘገበ። ሁለቱንም ያደረገው ከልቡ ነው። የመምህርቷ ግራ የእጅ አንጓ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ማሾፍ የለበትም። እሑድ ዕለት የወረዱት አንድ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ አርባ ናቸው፤ ግማሾቹ በክራንች ነው የሚሄዱት፤ ዝናቡም ገና አላባራም። ኦቦ ሆርዶፋ፣ እባክዎ እስከ ዓርብ ሁለቱን ሰሌዳዎች ያቀያይሩ። እንግዶቹ አፋፉን ይዙሩ፤ ሐይቁ ከዚያም ያምራል። ቀለም ጠፋ ከተባለ እኔ አለኝ። መውረዱ የግድ ከሆነ ግን የእኛ አሥራ አራት ፈረሶች ከላይም ከታችም ቆመው እንግዶቹን ያመላልሳሉ። ባለፈረሶቹ ሁላችንም ተስማምተናል። ሁላችንንም ከተራ ማስወጣት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ተራ የሚባል ነገር ስለማይኖር ተራ አስከባሪውም ያርፋል።

የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም አይድረቅ፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ጫማዎን ጭቃ አይወቀው እያልኩ፣ ካሉበት ከፍታ ወርደው ስላነበቡልኝ ጎንበስ ብዬ የማመሰግንዎ፣

ከተራ ውጪ የሆንኩት ታዛዥዎ
ለሊሳ ፈዬራ፣ ከነፈረሱ

ማስታወሻ፦ ሰሌዳዎቹ ካልተቀየሩ፣ ፈረሶቹ ቅዳሜ የሚጭኑት እንግዶችን ብቻ ነው። የኮሚቴው አባላት ቀላሉን መንገድ በእግራችሁ ትወጣላችሁ። መምህርት ሙሉወርቅም ወንበር አስወጥተው አፋፉ ላይ ሊቀመጡ ቆርጠዋል። የአሥራ አንዳችሁን ስም ከምረቃው የጥሪ ወረቀት ላይ ገልብጬ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በደህናው እጃቸው ይዘው አንድ በአንድ ይጠራሉ። በአርባኛው ደቂቃ «አቤት» ያላለ፣ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል። ወላጅ ይዞ መምጣት እንደማይቀር የእሳቸውን ጠባይ ስለማውቅ አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።